ለ9ኛ ክፍል የሚሰነቅ ቃል

በአፋን ኦሮሞ የሚማር ልጅ 8ኛ ክፍልን እስኪጨርስ ድረስ ሒሳብንም ሳይንስንም የሚማረው በቋንቋው ነው። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ቢሰጠውም አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ነው፤ ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ደብተሩ ይዘጋል። 9ኛ ክፍል ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ጂኦግራፊው በሙሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በሰኔ የ8ኛ ክፍልን ፈተና በቋንቋው ተፈትኖ ያለፈ ልጅ በመስከረም የሚከፍተው መጽሐፍ ስለሚያውቀው ነገር በማያውቃቸው ቃላት ያወራዋል። ሥርን፣ ግንድንና ቅጠልን አሳምሮ ያውቃል፤ ጓሮው ውስጥ አሉ። ገጹ ላይ ያሉት ግን «ሩት»፣ «ስቴም» እና «ሊፍ» ናቸው፤ እነሱን የሚያያይዟቸው ደግሞ «አብዞርብ»፣ «ትራንስፖርት»፣ «ኮንሲስት» የሚባሉ ቃላት። ለኢትዮጵያ ተማሪ የእንግሊዝኛ ቃላት ሀብት ወደ ሌሎቹ ትምህርቶች ሁሉ የሚያስገባ በር የሆነው ለዚህ ነው።

በሩ ሁልጊዜ እዚህ ቦታ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ጎልቶ ይሰማ የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ የነገሠው ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የመጀመሪያ ደረጃውን ሲረከብ እንግሊዝኛ ከ7ኛ ክፍል በላይ ቀረ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲያደርግ፣ ክልሎች መሸጋገሪያውን በየራሳቸው አስቀመጡ፤ አዲስ አበባ 7ኛን፣ ኦሮሚያ 9ኛን መረጡ። ልጅ በሚያስብበት ቋንቋ ሳይንስን መጀመሩ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። የቀረው ሥራ ድልድዩን መሥራት ነው፤ ድልድዩ የሚሠራው ደግሞ በአብዛኛው ከቃላት ነው።

የአንዲት ከተማ ስም በሰሌዳ ላይ

ጫንጮ ከአዲስ አበባ ወደ ፍቼና ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት የምትገኝ የሰሜን ሸዋ ከተማ ናት። ደጋ ናት፤ የወተት፣ የድርቆሽና የገብስ አገር። ወደ ደርባ የሚታጠፈው መንገድ የሚነሣው ከእሷ ነው። በእንደዚህ ያለች የኦሮሚያ ከተማ የቦታ ስም በሦስት ዓይነት ይጻፋል። በግእዝ ፊደል «ጫንጮ» ነው። በቁቤ፣ ማለትም ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ «ሲ» ብሎ ይጀምርና ሁለት «ኤ»፣ «ኤን»፣ ዳግመኛ «ሲ»፣ በመጨረሻ ሁለት «ኦ» ያስከትላል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን «ሲ» እና «ኤች» ተያይዘው ይቀድማሉ፤ አናባቢዎቹም አንድ አንድ ብቻ ይሆናሉ። በቁቤ «ሲ» ብቻዋን «ጭ» ናት፤ ከ«ኤች» ጋር ስትገጥም «ች» ትሆናለች። ስለዚህ ቁቤ የቆጠረ ልጅ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በለመደው ሕግ ካነበበው፣ የተወለደበትን ከተማ «ቸንቾ» ይለዋል።

ልጁ አልተሳሳተም፤ የተማረውን ሕግ ተከትሏል። ድመት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ «ሲ»፣ «ኤ»፣ «ቲ» ተብሎ የተጻፈውን፣ በዚያው ሕግ ሲያነበው «ጨት» ይወጣዋል። ታክሲ የሚለው በእንግሊዝኛ የሚጻፍበት «ኤክስ» በቁቤ «ጥ» ነውና «ተጢ» ይሆናል። «ፊዚክስ» በእንግሊዝኛ የሚጀምረው በ«ፒ» እና «ኤች» ነው፤ ሁለቱ በቁቤ ሲገጥሙ «ጵ» ናቸው። በአንጻሩ ቁቤ የማይናቅ ስጦታ ይሰጣል። የጫንጮ ልጅ እንግሊዝኛ ሲጀምር የላቲን ፊደላትን ቅርጽ ዐይኑም እጁም ያውቀዋል፤ ፊደልን በ«ሀ ሁ» ብቻ የጀመረ ልጅ ግን ቅርጹንም ድምፁንም አብሮ ይማራል። የሚያስፈልገው ጥቂት ነገር ነው። ድምፃቸው የሚለያየው ፊደላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ «ሲ»፣ «ኤክስ»፣ «ኪው»፣ ጥምሮቹ «ፒኤች» እና «ዲኤች»። እነሱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፎ በቁቤ እንዲህ፣ በእንግሊዝኛ እንዲህ ብሎ በግልጽ ማሳየት የሳምንት ሥራ ነው። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ልጁ ቃሉን በተሳሳተ ድምፅ ይይዘዋል፤ መምህሩ ሲጠራው ይሰማዋል፣ መጽሐፉ ላይ ያየዋል፣ ሁለቱ አንድ ቃል መሆናቸውን ግን አያውቅም።

እንግሊዝኛ ራሱ በፊደል ታማኝ ቋንቋ አይደለም። በቁቤ ረጅም አናባቢ ሁለቴ ይጻፋል፣ አጭሩ አንዴ፤ አለቀ። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። በወተት አገር ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የወተት ሥራ በእንግሊዝኛ «ዴይሪ» ይባላል፤ የዕለት ማስታወሻ ደብተር ደግሞ «ዳያሪ»። ሁለቱም አምስት ፊደል ናቸው፤ በ«ዲ» ይጀምራሉ፣ በ«አር» እና «ዋይ» ያልቃሉ። ልዩነታቸው መሐል ላይ ነው፤ በወተቱ «ኤ» ይቀድማል፣ በማስታወሻው «አይ»። በወተት ጣሳ ላይ የተጻፈውን ቃል በየቀኑ እያየ የሚያልፍ ተማሪ፣ ቆም ብሎ እነዚያን ሁለት ፊደላት አንድ ጊዜ በጣቱ ከቆጠራቸው ዳግመኛ አያምታታቸውም። ጠቦቱን የሚጠብቅ ልጅም «ሺፕ» ብሎ አናባቢውን ቢያሳጥረው በጉ መርከብ ይሆንበታል።

ስንት ቃል ይበቃል?

ትልልቆቹ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቃላት ይዘዋል። ቃላት ግን እኩል አይሠሩም። ጥቂቶቹ ሌት ተቀን ይለፋሉ፤ አብዛኞቹ በዓመት አንዴ ብቅ ይላሉ። ይህን ለትምህርት ቤት ልጅ በሚጠቅም መንገድ ካሰሉት ሰዎች አንዱ በቅኝ ግዛት ዘመን በቤንጋል ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊው ማይክል ዌስት ነው። የቤንጋል ተማሪ ከእንግሊዞች ጋር ከመጨዋወት ይልቅ መጽሐፍ ማንበብ እንደሚያስፈልገው አየ። የትኛው ቃል እንደሚቀድም ለመለየት ድግግሞሽን መቁጠር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተመው መዝገበ ቃላት ወደ 24 ሺሕ የሚጠጉ ቃላትንና አባባሎችን የፈታው 1,490 ቃላትን ብቻ ተጠቅሞ ነው። በ1953 ደግሞ 2,000 ያህል መሠረታዊ ቃላት የያዘ ዝርዝሩን አወጣ። በ2000 ኒውዚላንዳዊቷ አቨሪል ኮክስሄድ ከዚያ ውጭ የሆኑና በትምህርት ጽሑፎች ውስጥ የሚደጋገሙ 570 የቃላት ቤተሰቦችን ለይታ ጨመረችበት።

የእነዚህ ቁጥሮች ትርጉም በአንድ ገጽ ላይ ሲታይ ይገባል። 300 ቃላት ያሉት አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ይታሰብ። 2,000ዎቹን ቃላት የሚያውቅ ተማሪ ከእንዲህ ያለ የትምህርት ጽሑፍ 80 በመቶ ያህሉን ያውቃል፤ 60 ቃላት ግን ይጨልሙበታል። በየመስመሩ ሁለት ጊዜ ይደናቀፋል ማለት ነው። 570ዎቹ ሲጨመሩ የማያውቀው ወደ 30 ይወርዳል። ከቀሩት ውስጥ ብዙዎቹ የትምህርቱ የራሱ ስሞች ናቸው፤ እነሱን መጽሐፉ ራሱ ይፈታቸዋል፣ መምህሩም ያብራራቸዋል። ሌላው የኒውዚላንድ ሊቅ ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሰላው፣ ሳይቀል የተጻፈን መጽሐፍ ያለ ችግር ለማንበብ ከ50 ቃላት 49ኙን ማወቅ ይገባል፤ ለዚያ ደግሞ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃላት ቤተሰቦች ያስፈልጋሉ። ያ የብዙ ዓመት ጉዞ ነው። የመጀመሪያዎቹ 2,500 ግን በመንገዱ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያራምዱት ናቸው።

«የቃላት ቤተሰብ» የሚለው አቆጣጠር ለኢትዮጵያ ልጅ እንግዳ አይደለም። በአማርኛ ጻፈ ካለ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት ይከተላሉ። በአፋን ኦሮሞ ተማሪው «በረታ»፣ መምህሩ «በርሲሳ»፣ ትምህርቱ «በርኖታ» ነው፤ ሥሩ አንድ ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ከ«ፕሮዲውስ» «ፕሮዲውሰር»፣ «ፕሮዳክት»፣ «ፕሮዳክሽን»፣ «ፕሮዳክቲቭ» ያወጣል። ሥሩንና መጨረሻዎቹን የለየ ልጅ አንድ ቃል ሲይዝ አራት አምስት ይዞ ይነሣል። «ሽን» ብሎ የሚያልቀው ስም እንደሆነ፣ «አን» እና «ኢን» ብሎ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ተቃራኒ እንደሆነ ማወቅ፣ አንድ መቶ ቃላትን በተናጠል ከመሸምደድ ይበልጣል።

በተማሪዎች ደብተር ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን ሌላ ነገር ነው። «ከባድ ቃል» ተብለው የተሰበሰቡ፣ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በዓመት አንዴ የማይገጥሙ ቃላት ተደርድረዋል። የደከሙበት ልጆች ትጋታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ጉልበታቸው የዋለበት ቦታ ግን ያሳዝናል። «ኦልዞ»፣ «አንለስ»፣ «ዌርአዝ»፣ «ሄንስ» የሚባሉት ትንንሽ ማያያዣዎች ሳይታወቁ አንቀጹ ወዴት እንደሚታጠፍ አይታወቅም።

ቃሉ የሚጠፋበትና የሚቆይበት

የተለመደው አጠናን እንዲህ ነው። ገጹ በመሐል መስመር ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ ፍቺው። ተማሪው ከላይ እስከ ታች እያየ ያነበንባል፤ አሥር ጊዜ ከደገመው የያዘው ይመስለዋል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በራሱ ላይ እየፈተነ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ አንድ ጊዜ የተያዘ ነገር አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጥፋቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ድግግሞሹ የሚጠቅመው ተበትኖ ሲመጣ ነው፤ ዛሬ፣ ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ጄፍሪ ካርፒክና ሄንሪ ሮዲገር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ለአሜሪካውያን ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ፍቺያቸው ጋር ሰጧቸው። አንደኛው ወገን የያዘውን ቃል ደግሞ ማየቱን ሲቀጥል፣ ሌላው ራሱን መፈተኑን ቀጠለ። የዚያን ዕለት ሁሉም እኩል ያወቁ መሰሉ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት 80 በመቶ ያህል ሲያስታውሱ፣ ማየት ብቻ የቀጠሉት ከዚያ ግማሹን እንኳ አላስታወሱም። ቃል የሚጸናው ዐይን ሲደጋግመው ሳይሆን አእምሮ ፈልጎ ሲያወጣው ነው።

ይህን በጫንጮ በሚያልፈው በዚያው መንገድ ላይ፣ ከፍቼ አጠገብ ባለው በደብረ ሊባኖስም ሆነ በሌሎች ገዳማት የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። የቆሎ ተማሪ ከመምህሩ የተቀበለውን ቀለም ማታ ያለ መጽሐፍ ይቀጽላል፤ የጎደለችውን ቃል ከውስጡ ይፈልጋታል፣ ካጣት ጓደኛው ያቀብለዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሁለተኛ ቋንቋ ቃላት ትምህርት ከእንግሊዝኛ እጅግ ይቀድማል። የግእዝን ቃል በየዘርፉ መድቦ በአማርኛ የሚፈታው የሊቃውንት ጽሑፍ «ሰዋስው» ይባላል፤ መሰላል ማለት ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቅ መዝገበ ቃላት፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመው፣ በዚያ መሰላል ላይ የቆመ ነው።

ለዘመኑ ተማሪ ከዚህ ሥርዓት ጋር የሚመሳሰለውን ዘዴ ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 አስተዋወቀ፤ የካርድ ሣጥን ነው። ለጫንጮ ልጅ የሚያስፈልገው አንድ ባዶ የጫማ ካርቶንና ያለቀ ደብተር ሽፋን ነው። ሽፋኑ በመቀስ የመዳፍ ያህል ይቆረጣል። በአንድ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል ብቻ ይጻፋል፤ ለምሳሌ «ኮንስታንት»። በጀርባው ሦስት ነገር ይሰፍራል፤ አጠራሩ በፊደል፣ ፍቺው «የማይለዋወጥ»፣ እና ቃሉ የተገኘበት ዓረፍተ ነገር ከፊዚክስ መጽሐፉ እንዳለ። ሣጥኑ በካርቶን ክፋይ ሦስት ክፍል ይሆናል። አዲስ ካርድ በመጀመሪያው ክፍል ይገባል፤ እሱ በየቀኑ ይታያል። ጀርባውን ሳይገልጡ ፍቺውን ማውጣት ከተቻለ ካርዱ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፤ ያ በየሦስት ቀኑ ነው። ከዚያም ካለፈ ወደ ሦስተኛው፣ በሳምንት አንዴ ወደሚታየው። የተሳተ ካርድ የትም ቢደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በዚህ መንገድ ጊዜው የሚያልቀው በሚያስቸግሩት ቃላት ላይ ይሆናል፤ የታወቁት ሰው አያደክሙም።

ካርድ ለብቻ ነው፤ ለማኅበር ደግሞ ጨዋታ አለ። የኦሮሞ ልጆች «ሂቦ» ሲባሉ «ሂብ» ብለው ይቀበላሉ፤ በአማርኛው «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ነው። መላሹ ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ይኸው ሥርዓት ሳይለወጥ ወደ እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ መግባት ይችላል። አንዱ ተማሪ ቃሉን ሳይጠራ በሚያውቀው ቀላል እንግሊዝኛ ይገልጸዋል፤ «ኢት ኢዝ ድራይ ግራስ። ካውስ ኢት ኢት» ይላል። ሌላው «ሄይ» ብሎ ድርቆሹን ያነሣል፣ ካልቻለ አገር ይሰጣል። ጠያቂውም ተጠያቂውም ቃል ፍለጋ ውስጥ ናቸው፤ ጥናቱ የሚለው «ራስን መፈተን» ይኸው ነው።

ፍቺውን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ መጻፍ ነውር የሚመስላቸው መምህራን አሉ፤ እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ብቻ ይፈታ ይላሉ። ይህ ልጅን ያለ አግባብ ማስጨነቅ ነው። «ሶይል» አፈር መሆኑን በአንድ ቃል መንገር እየተቻለ፣ በማያውቃቸው ስድስት ቃላት ማብራራት ጊዜ ያባክናል። ለዚህ የሚሆኑ ጥሩ መዝገበ ቃላት አሉ፤ የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ፣ የጥላሁን ገምታ የኦሮምኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከ1989 ጀምሮ ያገለግላሉ። የአፍ መፍቻው ቋንቋ ቃሉን ያስጨብጣል፤ አጠቃቀሙን የሚያስተምረው ግን እንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ነው።

ቃል ከነባልንጀራው

በአማርኛ ጉንፋን ሰውን ይይዘዋል። በአፋን ኦሮሞም ሕመም ሰውን ይይዛል። በእንግሊዝኛ ግን ሰውየው ነው ጉንፋኑን የሚይዘው፤ «አይ ኮት ኤ ኮልድ» ይላል። በአማርኛ ፎቶ ይነሣል፣ መድኃኒት ይዋጣል፣ ፈተና ይፈተኑታል፤ በእንግሊዝኛ ሦስቱም «ቴክ» ይባላሉ። ስሕተት «ሜክ» ይባላል፣ የቤት ሥራ «ዱ»። ለዚህ ምክንያት መፈለግ ከንቱ ነው፤ ቃላት እንደ ሰው ባልንጀራ አላቸው። በካርዱ ጀርባ ፍቺ ብቻ ሳይሆን ዓረፍተ ነገር የሚጻፈው ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ቃል ደግሞ ተመሳስሎ ያሳስታል። «ፋብሪካ» ከጣሊያንኛ መጥቶ አማርኛ የሆነ ቃል ነው፤ የእንግሊዝኛው «ፋብሪክ» ግን ጨርቅ ነው፣ ፋብሪካው «ፋክተሪ» ነው። በደርባ መንገድ የሲሚንቶ መኪና ሲያልፍ እያየ ያደገ ልጅ ይህን ሳያውቅ ቢጽፍ ጨርቁን ሲሚንቶ ያስመርተዋል። የትምህርት ቤቱ «ዳይሬክተር» በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ «ፕሪንሲፓል» ነው።

በአንጻሩ ሳያውቁት የተያዘ ሀብት አለ። «ጠረጴዛ» ከግሪክኛ የመጣ ጥንታዊ ቃል ነው። በጂኦሜትሪ ትምህርት ላይ የሚመጣው «ትራፒዚየም» የዚያው ቃል ልጅ ሲሆን ትርጉሙም ትንሽ ጠረጴዛ ነው። «ደብተር» የመጣው ከግሪክኛው የቆዳ ስም ነው፤ ጉሮሮ ላይ እንደ ቆዳ ያለ ሽፋን የሚያወጣው በሽታ «ዲፍቴሪያ» የተባለው ከዚያው ነው። «ፎቶ» ብርሃን ማለት ነው፤ ይህን የሰማ ልጅ «ፎቶሲንተሲስ» በብርሃን ማቀናበር መሆኑን ሳይነገረው ይደርስበታል። መምህሩ ለአንድ ቃል እንዲህ ያለ ዘመድ ሲያገኝለት ቃሉ በልጁ አእምሮ ውስጥ እንግዳ መሆኑ ይቀራል።

ከሁሉም የሚከብዱት ግን የሚታወቁ የሚመስሉት ናቸው። «ሚን» በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ማለት» ነው፤ በሒሳብ አማካይ ነው። «ፕሮዳክት» በጂኦግራፊ ምርት፣ በሒሳብ ብዜት። «ቴብል» ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ፣ መጽሐፉ ላይ ሰንጠረዥ። «ወርክ» ቤት ውስጥ ሥራ ነው፤ በፊዚክስ ግን ከባድ ጆንያ ተሸክሞ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ምንም «ወርክ» አልሠራም። ይህን የሚያስተምረው የእንግሊዝኛ መምህሩ ሳይሆን የፊዚክስና የሒሳብ መምህሩ ነው። ብዙ ጊዜ የቋንቋው ጉዳይ ለእንግሊዝኛ መምህሩ ብቻ ይተዋል፤ የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ያብራራና ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ያጽፋል። ተማሪው የገባውና የጻፈው በሁለት ቋንቋ ተለያይተው ይቀራሉ። ከእያንዳንዱ ትምህርት በፊት አምስት ቃላትን ሰሌዳ ጥግ ላይ ጽፎ፣ ጠርቶ፣ ፈትቶ መጀመር ይህን ክፍተት ይዘጋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በደቡብ አፍሪካ እየተቀረጸ በሳተላይት ይሰጥ የነበረው የ«ፕላዝማ» ትምህርት ከሁሉ በላይ የጎደለው ይኼ ነበር፤ በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ቃሉ ያልገባውን ልጅ ቆሞ አይጠብቀውም።

ፈተና ላይ አንዲት ቃል ምን እንደምታደርግ ለማየት እንዲህ ያለ ጥያቄ ይበቃል፤ «ኦል ኦፍ ዘ ፎሎዊንግ አር ማማልስ ኤክሴፕት»። ምርጫዎቹ ላም፣ በግ፣ ፈረስና ዶሮ ናቸው። የጫንጮ ልጅ ዶሮ እንቁላል እንደምትጥል፣ ላም ጥጃዋን እንደምታጠባ ከማንም በላይ ያውቃል። «ኤክሴፕት» «በስተቀር» መሆኑን ካላወቀ ግን ላምን መርጦ ያልፋል። የወደቀው በባዮሎጂ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት ተደራርቧል፤ የጥያቄዎቹ ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑ ግን ከሒሳቡ ሊወጣ አይችልም። «ኤክሴፕት»፣ «ኖት»፣ «አት ሊስት»፣ «አሹም»፣ «ኔግሌክት»፣ «ኮምፔር»፣ «ዲፋይን»፣ «ጀስቲፋይ» የመሳሰሉት የጥያቄ ቃላት ሃምሳ አይሞሉም። ለማንኛውም ትምህርት ቤት ከ8ኛ ክፍል ማብቂያ በፊት ግድግዳ ላይ ሊለጠፉና በየሳምንቱ ሊጠየቁ የሚገባቸው እነሱ ናቸው።

ንባብና ክረምት

ካርድ ቃሉን ያስይዛል፤ ንባብ ያበስለዋል። ቃል በተለያየ ቦታ አሥር ጊዜ ያህል ካልተገናኙት የራስ አይሆንም፤ ያን ያህል ጊዜ ሊያገናኝ የሚችል ደግሞ ታሪክ ነው። ዋርዊክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉብሃይ በፊጂ ገጠር ትምህርት ቤቶች ለ4ኛና ለ5ኛ ክፍል ልጆች በየክፍሉ 250 ያህል የታሪክ መጻሕፍት አድርሰው እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት፣ መጽሐፍ ያገኙት ልጆች የማንበብ ችሎታቸው ካላገኙት በእጥፍ ያህል ፍጥነት አድጓል። ለኢትዮጵያ ልጅ የሚሆን ታሪክ ከባሕር ማዶ መምጣት የለበትም። ብሪታኒያዊቷ ደራሲ ኤልሳቤጥ ሌይርድ በ1990ዎቹ ማብቂያ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር በየክልሉ እየዞረች ተረት ሰብስባለች፤ ተረቶቹም በቀላል እንግሊዝኛ ለተማሪዎች ተዘጋጅተዋል። ጅብና ቀበሮ ምን እንደሚሠሩ ልጁ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ያልገባው ቃል ሲመጣ ታሪኩ ራሱ ይፈታለታል። ለጆሮ ደግሞ የሬዲዮ ቀረጻ አለ፤ የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረው ቀላል እንግሊዝኛ 1,500 ያህል መሠረታዊ ቃላትን ይዞ በዝግታ የሚነበብ ነበር፤ ቀረጻዎቹ በስልክ ላይ ይገኛሉ።

ከ8ኛ ወደ 9ኛ በሚያሻግረው ክረምት ዝናቡ የጫንጮን ሜዳ ሲያረጥብ ልጆች ከብት ይጠብቃሉ፣ ወተት ያደርሳሉ፣ ቤተሰብ ያግዛሉ። ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀናት ናቸው። በቀን አምስት ቃላት ቢያዙ 300 ይሆናሉ። የኮክስሄድ 570 የትምህርት ቃላት እንደ ድግግሞሻቸው በአሥር ምድብ የተከፈሉ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ በየምድቡ 60 ቃላት ይዘዋል። 300 ቃላት ማለት የመጀመሪያዎቹ አምስት ምድቦች ማለት ነው፤ ዘወትር የሚደጋገሙት እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው ምድብ ሲከፈት ተማሪው ባዶ እጁን አይደለም። «ፐርሰንት»፣ «ፎርሙላ»፣ «ዳታ»፣ «ፖሊሲ»፣ «ኤክስፖርት»፣ «ፋይናንስ»፣ «ቲዎሪ» እዚያ ውስጥ አሉ፤ ሁሉንም ከዜናና ከመንገድ ሰምቷቸዋል። «ፕሮሰስ»ም አለ፤ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ወረቀት የሚያስጨርስ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፣ በባዮሎጂ መጽሐፉ ግን «ሂደት» ነው። «ኮንትራት» በእንግሊዝኛው «ኮንትራክት» ሆኖ ይመጣል፤ ፊዚክስ ላይ ሲደርስ ብረት ሲቀዘቅዝ መኮማተሩ ነው። ለእነዚህ አጻጻፋቸውንና አዲሱን ፍቺ መጨመር ብቻ ይቀራል። ከዚያ «አሹም»፣ «እጅግ» ማለት የሆነውን «ቬሪ»ን በአጠራር የሚመስለው፣ ፍቺው ግን መለያየት የሆነው «ቬሪ»፣ «ዲራይቭ»፣ «ኢንዲኬት»፣ «ኦከር»፣ «ሪኳየር»፣ «ሲግኒፊካንት» ይከተላሉ፤ አምስት አምስት ሆነው በካርድ ላይ ይጻፋሉ፣ በኪስ ይያዛሉ፣ ከብቱ ሲሰማራ ይወጣሉ። በጳጉሜን ሦስተኛው የሣጥኑ ክፍል የሞላለት ልጅ መስከረም ላይ የሚቀበለውን የባዮሎጂ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ከፍቶ የሚያውቃቸውን ቃላት መቁጠር ይችላል።